ልጄ ተኝቶ ሳለ ስልኩን ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት

«ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ጸባዩም ደህና ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ሁሌ በፊቱ ደፍቶ ነው። ወደ ክፍሉ ስገባ ስክሪኑን ያጠፋዋል። አንድ ማታ ተኝቶ ሳለ ጣቱን ስልኩ ላይ አስነክቼ ከፈትኩትና ዋትስአፑን ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። 3 ሳምንት ሙሉ ሲጻጻፍ አነበብኩ። አብዛኛው ስለ ኳስ፣ ስለ ፈተና፣ ቀልድ፣ ትንሽም እኔን ማማት ነው። ‹ኬ› ብሎ ከመዘገበው ሰው ጋር ያለው ቻት ግን በየ24 ሰዓቱ ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት ኬ ‹ቴሌግራም ላይ ሲክሬት ቻት እንክፈት› አለው። ልጄም ‹እሺ› አለ። ከዚያ ወዲህ ከኬ ጋር ምን እንደሚያወሩ አላይም። ለባለቤቴ ስነግረው ‹ስልኩን ቀሚው፣ አለቀ› አለኝ። ለመሆኑ ይሄ ኢንክሪፕትድ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ፖሊስ እንኳ አያነበውም ይላሉ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?»
ግራ የገባኝ እናት

እህቴ፣

በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ኬ ተጨነቅኩ። በሁለተኛው ዓይኔ የቆመው ጣቱ ላይ ነው። የተኛ ልጅ ጣት። አልቆጣሽም፤ ፈርተሽ ነው ያደረግሽው፣ ያልፈራ ወላጅም አላውቅም። ግን ወደዚያ ጣት መመለሳችን አይቀርም። ስለ ኬ ለመጠየቅ የምታልፊው በእሱ በኩል ነውና።

አስቀድሜ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።

ኢንክሪፕትድ ማለት የተመሰጠረ ማለት ነው። ልጅሽ «የት ነህ?» ብሎ ጽፎ ሲልክ፣ ቃሉ ገና ከስልኩ ሳይወጣ ትርጉም ወደሌለው ዝባዝንኬ ይቀየራል። ያንን ዝባዝንኬ መልሶ «የት ነህ?» የሚያደርገው ቁልፍ ያለው የተቀባዩ ስልክ ውስጥ ነው። መሃል ላይ ያሉት ሁሉ፣ ኢንተርኔት የሚያቀርበው ድርጅት፣ የዋይፋዩ ባለቤት፣ አፑን የሠራው ኩባንያ ጭምር፣ የሚያዩት ዝባዝንኬውን ብቻ ነው። «ከጫፍ እስከ ጫፍ» የሚሉት ለዚህ ነው። አንዱ ጫፍ የላኪው ስልክ፣ ሌላው ጫፍ የተቀባዩ ስልክ።

ይህን የደበቀ ሰው ብቻ የሚፈልገው ነገር አታድርጊው። አንቺም ለዓመታት ስትጠቀሚበት ኖረሻል። ዋትስአፕ ለተጠቃሚዎቹ በሙሉ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሜሴንጀር እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የግል ቻቶችን በራሱ መመስጠር ጀምሯል። ሲግናል የሚባለው የመልእክት አፕ ደግሞ ሲፈጠርም ለዚሁ ነው። የሐኪም ውጤት ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽ ልከሽ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያየው የጠበቀልሽ ይኸው ምስጠራ ነው። ልጅሽ ለአንቺ የሚልከውንም እንዲሁ ይጠብቃል።

ታዲያ ኩባንያው ራሱ ማንበብ ካልቻለ፣ አንቺ እንዴት 3 ሳምንት አነበብሽ? ምስጠራውን የሰበርሽው እንዳይመስልሽ። ላፕቶፕሽን ሦስተኛ ጫፍ አደረግሽው። የልጅሽ ስልክ «ይህም የእኔ ነው» ብሎ አስገባው፣ ከዚያ በኋላ መልእክቱ ለላፕቶፑም ይመጣል። ምስጠራ የሚጠብቀው መንገዱን ነው። ጫፉ ላይ ማን ቁጭ እንዳለ አያውቅም፣ ግድም የለው። ልጅሽም ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። የእሱ ትውልድ «ሴኩር ነው» ሲል «ማንም አያይብኝም» ማለቱ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት በልጄ ፀጉር ነው። የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ፀጉሩን ራሱ ሊቆርጥ ሞክሮ አንድ ጎኑን ላጨው። መጀመሪያ አለቀሰ፣ ቀጥሎ አብረን ሳቅን። እኔ ሆዬ ፎቶ አንስቼ የቤተሰብ ግሩፕ ላይ ጣልኩት። 40 የማንሞላ ዘመዳሞች ነን፣ ምን ይመጣል ብዬ። አንዷ ለልጇ አስተላለፈች። ልጅቷ ለጓደኛዋ። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ክፍል ሲገባ ፎቶው ቀድሞት ደርሷል። እያንዳንዱ እርምጃ ተመስጥሮ ነው የሄደው። አንድም ቁልፍ አልተሰበረም፣ ማንም ሌባ መሃል አልገባም። ሚስጥሩ የወጣው በእኔ አውራ ጣት ነው። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ ካሜራ ሳነሳ «ግሩፑ ላይ ነው?» ይለኛል።

ቴሌግራምን በተመለከተ ብዙ ወላጅ ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያውቀው። እዚያ ላይ ተራው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም። መልእክቱ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ልጅሽም ከፈለገው ስልክና ኮምፒውተር ያገኘዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ነው፤ እሱም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ፣ በተከፈተበት ስልክ ላይ ብቻ። ቴሌግራሙን ከላፕቶፕሽ ጋር ብታገናኚው እንኳ ይህን ቻት አታይውም ነበር። ግሩፕና ቻናል በዚህ መንገድ አይመሰጠሩም። አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ስልክ ቁጥር የማያውቅ ሰው በዩዘርኔም ብቻ ሊጽፍለት ይችላል። እንግዲህ አስቢው፤ ያልተመሰጠረው ክፍል ውስጥ ያለው የሰው ብዛት ከተመሰጠረው ይበልጥ ሊያሳስብሽ ይገባል። እኔ ብሆን ልጄ ከአንድ ጓደኛው ጋር ሲክሬት ቻት ከሚከፍት ይልቅ ማን እንደፈጠረው የማይታወቅ የ50,000 ሰው ግሩፕ ውስጥ ሲያመሽ ነው የምጨነቀው።

የሚጠፋው መልእክትስ? ዋትስአፕ ላይ በ24 ሰዓት፣ በ7 ቀን ወይም በ90 ቀን እንዲጠፋ ማድረግ ይቻላል። በሁለት ሰው ቻት ላይ ከሁለቱ አንዳቸው ካበሩት ለሁለቱም ይሠራል። ያበራው ልጅሽ ላይሆን ይችላል። ልጆች ይህን የሚያበሩበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። ዛሬ የጻፉት ነገ ያሳፍራቸዋል። ጓደኛ ስልካቸውን ሲቀበል ያልሆነ ነገር እንዲያይ አይፈልጉም። አንዳንዱ ደግሞ እናቴ ታነባለች ብሎ ጠርጥሮ ነው። የአንቺው ልጅ ጠርጥሮ ከሆነ አልተሳሳተም።

አንድ ነገር ግን ቁጭ ብለሽ ልታስረጂው ይገባል። «ይጠፋል» የሚለው ከስክሪኑ ላይ ነው። ተቀባዩ ሌላ ስልክ አንስቶ ስክሪኑን ፎቶ ካነሳው የትኛውም አፕ አያስቆመውም። አንዴ ብቻ እንዲታይ ተደርጎ የተላከ ፎቶ እንኳ በሌላ ካሜራ ይያዛል። ልጆች ከሚልኩት ፎቶ ውስጥ በጣም አደገኛው «መቼም ይጠፋል» ብለው የላኩት ነው። ባይተማመኑ ኖሮ አይልኩትም ነበር።

አሁን ወደ ኬ። ኬ የክፍሉ ልጅ ልትሆን ትችላለች። 14 ዓመት እኮ ነው፤ ሰው የመጀመሪያ ፍቅሩን በእናቱ ላፕቶፕ ላይ እንዲነበብ አይፈልግም። ኬ እንዲሁ ሚስጥር መጫወት የሚወድ የኳስ ጓደኛም ሊሆን ይችላል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ።

ሌላኛውን መንገድ ግን ልነግርሽ ግድ ነው። ልጅ የሚያጠምድ ሰው ልጁን የሚተዋወቀው ብዙ ጊዜ በግል ቻት ላይ አይደለም። ጌም ውስጥ ነው፣ ወይም ሰው ሁሉ በሚያየው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ። ከዚያ «ና ወደዚያ እንሂድ» ይላል። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ሌላ ዓይን አለ፤ ጥቆማ ይደረጋል፣ አንዳንዱ ኩባንያም ራሱ ያጣራል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው በሚያስገርም ሁኔታ ተመሳሳይ ነው። የእሱ እኩያ የሆነች ልጅ መስሎ ያወራዋል። ፎቶ ቀድማ ትልካለች። «ተራው ያንተ ነው» ትለዋለች። ልጁ ከላከ፣ አንዳንዴ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ «ብር ላክ፣ አለዚያ ለጓደኞችህ በሙሉ እበትነዋለሁ» ይመጣል። የጓደኞቹን ዝርዝር ጭምር ያሳዩታል። የእኔ ወንድ ልጅ ነው፣ ምን ይሆናል የምትል እናት ብዙ አለች። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ግን እንዲህ ላለው የገንዘብ ማስፈራሪያ በብዛት የሚጋለጡት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች መሆናቸውን ደጋግሞ አስጠንቅቋል። የልጅሽ ዕድሜ መሆኑ ነው።

ካነበብሽው ውስጥ ፎቶ መጠየቅ፣ ገንዘብ ወይም ማስፈራራት አልጠቀስሽም። ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ኖሮ «አሁኑኑ ቀስቅሺው፣ ስለ ግላዊነት ነገ እናወራለን» እልሽ ነበር።

ስለዚህ የአፑን ስም እርሺው። ነገ ሌላ ይመጣል፣ ስሙን እስክታውቂ ደግሞ ልጆቹ ትተውት ይሄዳሉ። ጥያቄዎችሽ ስለ ሰውየው ይሁኑ። መጀመሪያ የት ተዋወቃችሁ? በአካል ታውቀዋለህ? ወደ ሲክሬት ቻት እንሂድ ያለው ማነው? ለምን ይመስልሃል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ወዳታለሁ። ልጁን መርማሪ ታደርገዋለች እንጂ ተከሳሽ አታደርገውም።

ባለቤትሽ «ቀሚው፣ አለቀ» ያለው ገብቶኛል። ቁርጥ ያለ ነገር ልብ ያሳርፋል። ግን የምትቀሚው ስልኩን ነው፤ በጓደኛው ስልክ ላይ ሌላ አካውንት ሊከፍት ይችላል። ከዚህ የባሰም አለ። በማስፈራሪያ የተያዘ ልጅ ለወላጁ የማይናገርበት አንዱ ትልቅ ምክንያት «ስልኬን ይነጥቁኛል» የሚል ነው። አስፈራሪውም ይህን ያውቃል። «ለእናትህ ብትነግር አለቀልህ» ይለዋል። አባቱ ሳያውቀው ያንኑ ዛቻ በራሱ አፍ ሊደግመው ነው። ለባለቤትሽ ይህን አንብቢለት። ቢናደድብኝ ችግር የለውም።

የፖሊሱ ነገር ግማሽ እውነት ነው። መንገድ ላይ ያለን የተመሰጠረ መልእክት ማንበብ አይቻልም። ሲግናል እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በኩል የተጠቃሚ መረጃ ስጥ ሲባል የነበረው አካውንቱ የተከፈተበት ቀንና መጨረሻ የተገናኘበት ቀን ብቻ ነበር። ጫፉ ግን ሌላ ነው። ልጅሽ ጫፍ ነው። መልእክቱን በግልጽ ያነበዋል፣ ከፈለገም ለሚያምነው ሰው ያሳየዋል። ዋትስአፕ ላይ «ሪፖርት» ሲጫን ከዚያ ሰው የመጡት የመጨረሻ 5 መልእክቶች ለኩባንያው ይላካሉ። ምስጠራውን ማንም ሳይሰብረው፣ ልጁ ራሱ አሳልፎ ይሰጣል። ልጅሽ ይህን ካወቀ ባዶ እጁን አይደለም።

አያድርገውና ማስፈራሪያ ቢመጣ፣ አትክፈሉ። መክፈል አይገላግልም፤ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ይጠይቁታል። ተናዳችሁ ቻቱን አታጥፉ። የሚጠፋ መልእክት ከሆነ ሳይጠፋ ዛቻውን፣ ዩዘርኔሙን፣ ስልክ ቁጥሩን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት። የልጁን ፎቶ ራሱን ግን አታባዙት፣ ለማንም አትላኩት። ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ ብሎክ፣ ከዚያ ፖሊስ። ፎቶው ኢንተርኔት ላይ እንዳይሰራጭ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ ፎቶው ከስልክ ሳይወጣ የጣት አሻራ የመሰለ መለያ ቁጥር ያወጣለታል፣ የተባበሩት ኩባንያዎች በዚያ ቁጥር ፈልገው ያነሱታል። የተመሰጠረ ቻት ውስጥ ግን አይደርስም።

«ታዲያ የስለላ አፕ ብጭንበትስ?» እንዳትይኝ። እሱም ሌላ ጫፍ መጨመር ነው፤ ያውም የማታውቂው ኩባንያ የተቀመጠበት ጫፍ። እንዲህ ያለ አፕ የሚሸጡ ኩባንያዎች ራሳቸው በተደጋጋሚ ተሰርቀዋል፣ የተሰለሉት ሰዎች መልእክትና ፎቶም ሜዳ ላይ ወጥቷል። ልጅሽን ከማያውቀው ሰው ልትጠብቂ ብለሽ ለማታውቂው ሰው ታስረክቢያለሽ።

ይህ የእኔ ለስላሳነት ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 ላይ ልጅ የራሱ የግል ሕይወትና የደብዳቤ ሚስጥር እንዳለው ይናገራል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሰነድ የወላጅ ክትትል ተመጣጣኝና ከልጁ እድገት ጋር የሚሄድ ይሁን ብሏል። አትከታተሉ አላለም። የ8 ዓመት ልጅን ስልክ አብሮት እያዩ ማስተማር ተመጣጣኝ ነው። የ14 ዓመት ልጅን ጣት በሌሊት መዋስ ግን... አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ባታውቂው ኖሮ አትጽፊልኝም ነበር።

እንግዲህ ንገሪው። ሳይቀድምሽ ንገሪው። ዋትስአፑ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለውን፣ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር፣ አንድ ቀን ሲከፍት ያገኝሻል። እንዲህ በዪው፦ «አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ተኝተህ ሳለ ስልክህን በጣትህ ከፍቼ ዋትስአፕህን ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። 3 ሳምንት አንብቤያለሁ። ፈርቼ ነው፣ ግን ልክ አልነበረም።» እዚያ ላይ አቁሚ። «ግን አንተም...» የሚለው ሐረግ ምላስሽ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ዋጪው። ይቆጣል። በሩን ይወረውረዋል። ይወርውረው። ስለ ኬ በዚያው ትንፋሽ አትጠይቂው፣ ይቅርታው ማጥመጃ ይመስለዋል። አንድ ቀን ስጪው።

በማግስቱ ያነበብሽውን ሳትደብቂ ጠይቂው። «ኬ ሲክሬት ቻት እንክፈት ሲልህ አይቻለሁ። የጻፋችሁትን አሳየኝ አልልህም። ኬን በአካል ታውቀዋለህ?» ከሳቀ ወይም ጆሮው ከቀላ ነገሩ ሌላ ነው፤ ተይው። ጭራሽ ካልመለሰ ወይም «አላውቅም፣ ጌም ላይ ነው» ካለ፣ አብራችሁ ተቀመጡና ኬ ካሜራ ከፍቶ በቪዲዮ እንዲያወራው ይጠይቀው። ቪዲዮም ሊቀነባበር ይችላል፣ ግን ምክንያት እየፈጠረ የሚሸሽ ሰው ብዙ ይነግርሻል።

ከዚያ አንድ ስምምነት አድርጉ፣ አጭር ይሁን። እሱ የሚናገረው፦ የማያውቀው ሰው ፎቶ ወይም ገንዘብ ከጠየቀው፣ ወይም «ለወላጅ እንዳትናገር» ካለው። አንቺና አባቱ የምትሰጡት፦ ምንም አድርጎ ቢመጣ፣ ስለነገራችሁ ስልኩ አይነጠቅም። የስልኩን ፓስዎርድ ወረቀት ላይ ጽፎ በፖስታ ያሽገውና ፊርማውን ክዳኑ ላይ ያድርግበት። ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልሆነ በስተቀር ያለ እሱ አይከፈትም። ታሽጎ መቆየቱን በፈለገ ጊዜ እየሄደ ያያል። ሴቲንጉን ደግሞ እሱ ያስተምርሽ፦ ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባኝ ይችላል የሚለውን ወደ ኮንታክት ብቻ፣ ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥሩን ማንም እንዳያይ፣ በሁለቱም ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ፓስዎርድ። የአንቺንም አብሮ ያስተካክልልሽ፤ የአንቺው ክፍት መሆኑ አይቀርም።

ይቅርታ ልትጠይቂው ስትሄጂ ላፕቶፑን ይዘሽ ሂጂ። ስልኩ ላይ ዝርዝሩን ሲከፍት የላፕቶፕሽን ስምና መጨረሻ ላይ የተከፈተበትን ሰዓት ያያል። ሰዓቱ ያሳፍርሽ ይሆናል፤ ይይ። «ሎግ አውት» የሚለውን አንቺ አትንኪው። እሱ ይጫነው፣ ነቅቶ ሳለ፣ በራሱ ጣት።